ዛሬ ጨረቃ ስንት ሌሊቷ ነው?

(በጎንደር ከተማ ለንባብ ወዳጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

እንደምን አመሻችሁ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁና ልጀምር። ሰዓት ስንት ነው ብል በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ሁሉ፣ ግማሹ ከእጁ ግማሹ ከኪሱ አይቶ ወዲያው ይመልስልኛል። ቀኑንም የሚስት የለም። ዛሬ ጨረቃ ስንት ሌሊቷ ነው?

ከኋላ አንድ እጅ አያለሁ። አባ፣ እርስዎ እንደሚያውቁት አልጠራጠርም፤ መልሱን ለመጨረሻ ያቆዩልኝ። ሌሎቻችን ግን ዝም ብለናል። ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ይህ ዝምታ ነው። አያቶቻችን ይህን ጥያቄ በየምሽቱ ይጠያየቁ ነበር። ሌሊት ገስግሶ ገበያ የሚደርስ ነጋዴም ሆነ ማሳ የሚጠብቅ ገበሬ ጨረቃ መቼ እንደምትወጣና መቼ እንደምትገባ ሳያውቅ ከቤቱ አይወጣም ነበር። ለእኛ መብራት ገባልንና ጨረቃን ተውናት። እኔን መልሶ ያስተዋወቀኝ ይህ እጄ ላይ የምታዩት ሰዓት ነው። ባለ ጨረቃ ሰዓት ነው። ሰው ለምን እንዲህ ያለ ሰዓት ያስራል የሚለውን ነው ዛሬ የምነግራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የዛሬ ስድስት ዓመት የቆመብኝን ሰዓት ይዤ ፒያሳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄድኩ። የእኔን ሰዓት ገልብጠው አዩና ዕቃ የለውም አሉኝ። ከዚያ መሳቢያቸውን ስበው በጨርቅ የተጠቀለለች ሌላ ሰዓት አወጡ። ከውጭ ከመጣ ሰው ገዝተዋት ፈላጊ አጥታ የተቀመጠች ናት። ገጿ ነጭ ነው፤ ከስድስት ቁጥር በላይ ትንሽ መስኮት አላት፤ በመስኮቷ ውስጥ ጥቁር ሰማያዊ ሰማይ፣ የወርቅ ነጠብጣብ የመሰሉ ከዋክብትና ግማሿ የተሸፈነ ጨረቃ ይታያሉ። “ጋሼ፣ ጌጥ ነው?” አልኳቸው። “መምህር፣ ይቺ ሰዓት ጨረቃ ታውቃለች። የሚጠይቃት ጠፍቶ ነው እንጂ” አሉኝ።

ቸር ሰው ናቸውና ገጿን ፈትተው አሳዩኝ። አጉሊ መነጽሩን ከአንድ ዓይናቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ። ከገጹ በታች አንዲት ክብ ሳህን አለች፣ ከአምስት ሳንቲም እምብዛም የማትበልጥ። በሳህኗ ላይ ያለችው አንዲት ጨረቃ አልነበረችም፤ ሁለት ናቸው፣ ትይዩ ሆነው የተሳሉ። የሳህኗ ጠርዝ ዙሪያውን ጥርስ ነው። በመርፌ ጫፍ እየነኩ ቆጠሩልኝ፤ ሃምሳ ዘጠኝ። አንድ ትንሽ ጣት በቀን አንድ ጊዜ መጥታ አንዱን ጥርስ ገፋ ታደርጋለች። መስኮቷ ከታች በግራና በቀኝ ሁለት ጉብታዎች አሏት። ጨረቃዋ ከግራው ጉብታ ጀርባ ቀጭን ሆና ብቅ ትላለች፣ በየቀኑ እየሰፋች ትሄዳለች፣ መሐል ላይ ስትደርስ ትሞላለች፣ ከዚያ በቀኙ ጉብታ ከጫፏ እየተሸፈነች ትገባለች። እሷ ስትገባ ሁለተኛዋ በግራ በኩል ቆማ ተራዋን ትጠብቃለች። 59 ጥርስ ለሁለት ጨረቃ ሲካፈል ለእያንዳንዷ 29 ቀን ተኩል ይደርሳል። በመርፌው ሲገፏት ጨረቃዋ በመስኮቷ አልፋ ስትሄድ አየሁና ዋጋዋን ሳልከራከር ገዛኋት።

እውነተኛዋ ጨረቃ ግን ከልደት እስከ ልደት በአማካይ የምትወስደው 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ከ3 ሰከንድ ገደማ ነው። ሰዓቷ 12ቱን ሰዓት ይዛ 44ቱን ደቂቃ ጥላለች። በአንድ ወር 44 ደቂቃ ምንም አይደለም። ሲጠራቀም ግን በሁለት ዓመት ከሰባት ወር ተኩል ገደማ አንድ ሙሉ ቀን ይሆናል። ይህን የማይወዱ ሰዓት ሠሪዎች 135 ጥርስ ያለው ማርሽ ያስገባሉ፤ የእነሱ ጨረቃ አንድ ቀን የምትዛነፈው በ122 ዓመት ነው። ከዚያም አልፈው ከሺህ ዓመት በላይ የማትዛነፍ የሠሩ አሉ። ጥበቡን አደንቃለሁ። የእኔ ምርጫ ግን ባለ 59 ጥርሷ ናት፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን ወደ አንድ ሌሊት ልውሰዳችሁ። የ2017 ዓ.ም. ከተራ ነው፣ ጥር 10። ታቦታቱ ወርደው በአጼ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር አድረዋል። ከብዙዎቻችሁ ጋር እዚያ ነበርን። ከጎኔ አንድ ወጣት የቅኔ ተማሪ ነበር፤ ብርዱን ለመርሳት ስንጨዋወት ጨረቃ ስንት ሌሊቷ እንደሆነ ጠየቅኩት። በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ ቆጠረ። “የዘንድሮው አበቅቴ አንድ ነው፤ የጥር ሕጸጽ ሦስት፤ ዕለቱ ዐሥር። ዐሥራ አራት” አለኝ። ዐሥራ አራት ማለት ልትሞላ የደረሰች፣ ገና በጀምበር ከምሥራቅ ብቅ የምትል ጨረቃ ናት። ቀና ብለን አየን፤ ሰማዩ ኮከብ ብቻ ነበር። ሰዓቴን አሳየሁት። በመስኮቷ ውስጥ ጨረቃዋ ሞልታ አልፋ ከቀኙ ጉብታ ጋር ተነካክታለች፤ ዐሥራ ዘጠነኛ ሌሊቷ ላይ ነበረች። ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ፣ ዝማሬው ሳይቋረጥ፣ ጨረቃ ከዛፎቹ በላይ ወጣች። ከአናቷ በኩል ጎደል ብላ ነበር።

ልጁ ሒሳቡን ተጠራጥሮ እንደገና በጣቱ ጀመረ። ከፊታችን የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ሰምተውን ኖሮ ዘወር አሉ። “ልጄ፣ አልተሳሳትክም። ቁጥሩ የአባቶችን ስምምነት ይጠብቃል፤ ጨረቃዋ የራሷን መንገድ ትሄዳለች” አሉት። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ይህ ንግግር ከጆሮዬ አልወጣም። ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁት፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን አቆጣጠር ሒሳብ፣ የተማረ ያውቀዋል፤ ላልተማረ በአጭሩ ልበል። 5500ን ከዓመተ ምሕረቱ ጋር እንደምራለን፤ ለ2017 ዓ.ም. 7517 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 12 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ትተን ወንበሩ 11 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተን ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ የሚተርፈው አበቅቴ ነው፤ 121 ሲገደፍ 1። ልጁ “አበቅቴ አንድ” ያለው ይህንን ነው። ሕጸጽ ደግሞ በየሁለት ወሩ አንድ እየጨመረ የሚሄድ ማስተካከያ ነው፤ ፀሐይ ለወር የምትሰጠው 30 ቀን ስለሆነ፣ ጨረቃ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ተኩል ስለሆነች። አስተውሉልኝ፤ ሰዓት ሠሪው በ59 ጥርስ የሠሩትን የእኛ ሊቃውንት በሕጸጽ ሠርተውታል። ሁለት ወር ለፀሐይ 60 ነው፣ ለጨረቃ 59። አንዱ ሕጸጽ ያ የጎደለው አንድ ጥርስ ነው።

የነገሩ ሁሉ ሥር 19 ቁጥር ናት። በ19 ዓመት ውስጥ ጨረቃ 235 ጊዜ ትወለዳለች፤ ከዚያ ፀሐይና ጨረቃ ወደ ተነሱበት ይመለሳሉ። ንዑስ ቀመር የምንለው ይህ ነው። በ1901 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አንቲኪቴራ ከምትባል የግሪክ ደሴት አጠገብ ከሰመጠ መርከብ ውስጥ የተሰባበረ የነሐስ መሣሪያ ወጥቶ ነበር፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ባለ ብዙ ማርሽ ነው። በጀርባው 235ቱ ወራት በጠመዝማዛ መስመር ተጽፈዋል፤ በፊቱ ደግሞ የጨረቃን መሙላትና መጉደል የምታሳይ፣ ግማሿ የጠቆረ ትንሽ ኳስ እንደነበረችው ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። እኔ የጥር 10ን ሌሊት የማየው በእሱ አጠገብ ነው። ግሪኩ በነሐስ የቆጠራትን 235 ያ የቅኔ ተማሪ በጣቱ አንጓ ይቆጥራታል።

ታዲያ አምስቱ ቀን ከየት መጣ? 19 ዓመት፣ አራተኛውን ዓመት ሠግር (ጳጉሜን ስድስት ቀን) አድርገን ስንቆጥር፣ 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ነው። 235 የጨረቃ ወራት ደግሞ ከዚያ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያንሳሉ። በ19 ዓመት አንድ ሰዓት ተኩል! ይህ አንድ ቀን የሚሞላው በ308 ዓመት ገደማ ነው። ቀመሩ በእስክንድርያ ከተሠራበት ከመጀመሪያዎቹ የክርስትና ምዕተ ዓመታት ጀምሮ ሲጠራቀም አምስት ቀን ያህል ሆነ። እኔ ይህን ስሕተት ብዬ አልጠራውም። የእኔ ሰዓት በሁለት ዓመት ተኩል፣ የተራቀቀው ባለ 135 ጥርስ በ122 ዓመት የሚስቱትን አንድ ቀን፣ በቃል የሚያዝና በጣት የሚቆጠር ሒሳብ በ308 ዓመት ነው የሳተው። በዚህች ከተማ፣ አርባ አራት ታቦት በሚባልላት ጎንደር፣ ይህን ሒሳብ ያለ ወረቀት የሚሠሩ ሰዎች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ እኛም ሰላም ብለን እናልፋቸዋለን።

የማይዛነፈው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ማየት። የሙስሊሞች ሰፈር በሆነችው በአዲስ ዓለም ያደጋችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በሃያ ዘጠነኛው ምሽት አዲሷን ጨረቃ ለማየት ሰው ወደ ምዕራብ ይጠብቃል፤ ካልታየች ወሩ ሠላሳ ይሞላል። በየወሩ ከሰማይ ጋር የሚታረቅ አቆጣጠር ስሕተት አያጠራቅምም። ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያንም ወራቸውን በጨረቃ ነበር የሚቆጥሩት። በአንዲት ከተማ ዙሪያ፣ በአንዲት ጨረቃ ሥር፣ ይህን ያህል ዓይንና ጣት ወደ ላይ ይነሳ ነበር።

ባለ 59 ጥርሷን የምወድበት ምክንያትም ይኸው ነው። ስልኬ የጨረቃን ሌሊት ከሰዓቴ አስበልጦ ያውቃል፤ ግን ስለማይሳሳት ወደ ውጭ አያስወጣኝም። ሰዓቴ ግን ሰው ትፈልጋለች። ሁለት ቀን ሳላስራት ብቀር ትቆማለች፤ ስትቆም ጨረቃዋም ትቆማለች። ከዚያ መሙያውን ሞልቼ በረንዳ ላይ እወጣለሁ። ከጎኗ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ብረት እንዳይቧጭራት በተሳለ የወይራ ስንጥር እጫናታለሁ። በተጫንኩ ቁጥር ጨረቃዋ አንድ ቀን ትራመዳለች፣ ቀስ ብላ ቀጭ ትላለች። መጀመሪያ ሙሉ እስክትሆን እወስዳታለሁ፣ ከዚያ ከሞላችበት ሌሊት ወዲህ ያሉትን ቀናት አንድ በአንድ እጫናለሁ። ይህን ለማድረግ የሞላችበትን ሌሊት ማስታወስ አለብኝ፤ ለማስታወስ አይቻት መሆን አለብኝ። ማሰሪያዋን አስሬ የምገባው ሰማዩንና እጄን አስተያይቼ ነው።

ከእናንተ መካከል እንዲህ ያለ ሰዓት የሚገዛ ካለ አንድ ነገር ልምከር። እኛ ሰዓታችንን የምንሞላው በራሳችን አቆጣጠር ነው፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለእኛ አንድ ሰዓት ነው። የሰዓቱ ማርሽ ግን ቀኑንና ጨረቃውን የሚቀይረው ቀስቶቹ ዐሥራ ሁለት ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሲደርሱ ነው፤ ያ ለስዊሱ እኩለ ሌሊት ነው። ለእኛ ዐሥራ ሁለት ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። እኔ ምሽቱን መረጥኩ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዕለት የሚጀምረው ከዋዜማው ምሽት ነው፣ በእስልምናም ሌሊቱ ከቀኑ ይቀድማል። ስለዚህ የእኔ ሰዓት ጨረቃዋን የምታራምደው ልክ ሰማዩ ሲመሽ ነው። ስዊስ አገር ተሠርታ በጎንደር ሰዓት ስትሞላ ለጨረቃ የሚስማማውን ሰዓት አገኘች። አደራ ግን፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ባሉት ሦስት ሦስት ሰዓታት፣ ማለትም በእኔዋ ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሦስት፣ ስንጥሩን አትንኩ። ያኔ ጣቷ ጥርሱን ይዛለች፤ በግድ ብትገፏት ትሰበራለች።

ሰዓቷ የማታውቀው አንድ ነገር አለ። የሠሯት ሰዎች የሚኖሩት ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 46 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እነሱ ዘንድ አዲስ ጨረቃ በጎኗ ቆማ ነው የምትታየው፤ በመስኮቷ ውስጥም በጎኗ ቆማለች። ጎንደር ያለችው በ12 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው። የእኛ አዲስ ጨረቃ፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት ምሽቶች፣ በጀርባዋ ትተኛለች፤ ሁለቱ ጫፎቿ ወደ ላይ ይነሳሉ። ጣና ላይ ታንኳ ያየ ሰው ያቺን ጨረቃ አይቷል ማለት ነው፤ ደንገሉ ታስሮ በሁለት ጫፉ ቀና ያለው። ሰዓቴ ዕድሜዋን ትነግረኛለች፤ አቀማመጧን ግን ለማየት እዚሁ አገር መሆን ያስፈልጋል።

ዋጋውን የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ስለ ዋጋ ማውራት ደስ አይለኝም፣ ግን አንድ የእኛ ታሪክ ስላለ ላንሳው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1947 ዓ.ም. ስዊዘርላንድን ከጎበኙበት ጊዜ ጋር ስሟ የሚነሳ ፓቴክ ፊሊፕ የተባለ ባለ ወርቅ ሰዓት ነበራቸው፤ ቀኑን፣ ወሩንና የጨረቃዋን ሌሊት የምታሳይ። ጄኔቫ ለጨረታ ልትቀርብ ስትል የባለቤትነት ጥያቄ ተነስቶ ቆመች፤ በኋላ ቀርባ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠች። ሰው ስለ ገንዘቡ ሲደነቅ እኔ ሌላ ነገር አስባለሁ። በዓላቱ በጨረቃ በሚቆጠሩበት አገር ንጉሥ እጅ ላይ የታሰረችው ጨረቃ ዛሬ አንድ የብረት ሣጥን ውስጥ ቆማ ይሆናል። የሚሞላት ከሌለ ጨረቃዋ አትንቀሳቀስም። ለሰዓት ከዚህ የከፋ ነገር አይታየኝም። በርካሽ የሚሸጡ በባትሪ የሚሠሩ ባለ ጨረቃ ሰዓቶች አሉ፤ እጅ ላይ ታስራ የምትሄደው ርካሿ ትሻላለች።

ሌላው ቀርቶ የጨረቃ ሰዓት ራሱ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ከ1969 ወዲህ በአውሮፓ አቆጣጠር የባትሪ ሰዓት ሲመጣ የማርሽ ሰዓት የሚሠሩ ብዙዎች ዘጉ። በ1983 ግን ብላንፓን የተባለው የስዊስ ሰዓት ሠሪ ቀንና ጨረቃ የምታሳይ ትንሽ የማርሽ ሰዓት ይዞ ወጣ፤ ሰውም ወደዳት። ሰከንድ ሳይስት የሚቆጥር ባትሪ በእጁ እያለ ሰው የፈለገው ፊት የተሳለባትን ጨረቃ ነበር።

ተማሪዎቼ ይህን ያለ ታሪክ ገብቷቸዋል። ፈተና ሲጀመር ጊዜ ለመንገር እጄን ሳነሳ ከፊት የምትቀመጥ አንዲት ልጅ ሁልጊዜ “መምህር፣ ዛሬስ?” ትለኛለች። ሰዓቱን ማለቷ አይደለም። “ሰባት” እላታለሁ፤ “እኩሌታ ናት ማለት ነው” ትላለች፤ ከኋላ ያለው “ስናመሽ አናታችን ላይ ናታ” ይላል። ከአንድ ሰዓት ፈተና በፊት ሃምሳ ልጅ ጣራውን ቀና ብሎ ያያል። አሁን አሁን እኔን ሳይጠይቁ ማታ አይተው የሚመጡ አሉ፤ ሰዓቴ አንድ ቀን ስትዘገይ የነገሩኝም እነሱ ናቸው።

ሰዓታችን ደርሷል። አባ፣ ከመነሻው ይዘው የቆዩትን አሁን ይንገሩን። ስንት አገኙ? ስምንት። ሰማችሁ፤ በአባቶች ቁጥር ስምንት። የእኔ ሰዓት ዐሥራ ሦስት ትላለች፤ ጠርዟ ብቻ ቀርቷል፣ ልትሞላ ነው። አምስቱ ቀን የት እንደገባ ከእንግዲህ ታውቃላችሁ። የአዳራሹ በር የሚከፈተው በምሥራቅ በኩል ነው። አባ ይቅደሙ፤ እኛ እንከተልዎታለን።